ከኋላ የሚቀረው ቀዳዳ ያሳስበኛል

ስለ አደገኛ ቆሻሻ አወጋገድ ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ቆሻሻን አሽጎ ጥልቅ ባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ መቅበርን፣ በርሜል ባሕር ላይ ከመጣል ጋር አንድ አድርጎ አይቶታል። እዚህ ላይ አልስማማም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

መጣል ምን እንደሆነ ለማየት ከሳን ፍራንሲስኮ ፊት ለፊት ያሉትን የፋራሎን ደሴቶች ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1970 ድረስ ጨረር አመንጪ ቆሻሻ የያዘ 47,500 ያህል በርሜል እዚያ አካባቢ ተጥሏል። ወለሉ ላይ ተጋድሞ ጨዋማ ውሃ እየበላው ነው። በጣም ያናድዳል።

መቅበሩ ግን ሌላ ሐሳብ ነው። በ1980ዎቹ አትላንቲክ ውስጥ ተሞክሯል። ሹል ጫፍ ያለው ከባድ ነገር፣ ቆሻሻ ሳይዝ፣ ከመርከብ ይለቀቃል። በራሱ ክብደት ቁልቁል ይምዘገዘግና ጭቃው ውስጥ 30 ሜትር ገደማ ይገባል። ያ ጭቃ እጅግ ደቃቅ ሸክላ ነው። በሺህ ዓመት የሚጨምረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፕሉቶኒየምን የመሰሉ ጨረር አመንጪ ነገሮችን አጥብቆ ይዞ የማስቀረት ጠባይም አለው። ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

እንዲያም ሆኖ ይቀበር አልልም። የሚያሳስበኝ መያዣው ጭቃውን ሰርስሮ ሲገባ ከኋላ የሚቀረው ቀዳዳ ነው። በደንብ ካልገጠመ ለመርዙ መውጫ መንገድ ይሆናል። መያዣው ቢሰነጠቅስ ማን ነው ከአራትና አምስት ኪሎ ሜትር ውሃ ሥር ቆፍሮ የሚያወጣው? የብስ ላይ ቢሆን ቢያንስ ሄዶ ማየት ይቻላል። ባሕር ላይ ቆሻሻ መጣልን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የ1996ቱ የለንደን ፕሮቶኮልም፣ ቆሻሻን ከመርከብ አውርዶ ከባሕር ወለል ሥር ማስቀመጥን ከመጣል እኩል ቆጥሮታል። ጸሐፊው ይህንንም ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።