ዝናብ የሚወርድበት ጋቢና

እኛ አገር ታክሲ ውስጥ ጋቢና የክብር ቦታ ነው። ተሽቀዳድመን ነው የምንይዛት። አንድ ዘመን ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ውድ ከሚባሉት መኪኖች ብዙዎቹ ጋቢናቸው ጣሪያ አልነበረውም ብላችሁ ታምናላችሁ? ባለቤቶቹ ከኋላ በመስታወት ተዘግተው ይሞቃቸዋል፤ ሾፌሩ ፊት ለፊት ሜዳ ላይ ነው። ፈረንሳዮች «ኩፔ ደ ቪል»፣ እንግሊዞች «ሴዳንካ ደ ቪል»፣ አሜሪካኖች «ታውን ካር» ይሉታል።

የእነዚህ መኪኖች ፎቶ በተለጠፈ ቁጥር «ድሮ ቀረ!» የሚል አይጠፋም። ውበታቸውን አልክድም፤ እኔም ፈዝዤ ነው የማያቸው። ግን የሚታየው ሀብት ብሩና መስታወቱ ብቻ አይደለም። ለእኔ ዋናው ጌጥ ውጭ ተቀምጦ የሚበርደው ሰውዬ ነው።

ነገሩ የመጣው ከፈረስ ሰረገላ ነው። ነጂው ልጓም ስለሚይዝ ውጭ መቀመጡ ግድ ነበር። መኪና ሲመጣ ልጓሙ ቀረ፣ ብርዱ አልቀረም። መጀመሪያ አካባቢ ልማድ ነው እንበል፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ወታደር ጭነው ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የማርን ግንባር የሄዱት የፓሪስ ሬኖ ታክሲዎችም ነጂያቸው ሜዳ ላይ ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ግን ሰበብ የለም። መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው እንኳ ዝግ መኪና እየገዛ፣ የሚሊየነሩ ሾፌር ዝናብ ይመታዋል።

በ1926 ክላረንስ ጋስክ የሚባል ሰው፣ የዉልዎርዝ ሱቆች የእንግሊዝ ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ፣ ለሚስቱ ለሞድ ሮልስ ሮይስ ፋንተም አዘዘላት። ዛሬ «የፍቅር ፋንተም» ይሏታል። ወንበሩ በፈረንሳይ ኦቢሶን የተሠራ ሥዕላዊ ሽመና ለብሷል፣ ጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት ተስለዋል፣ ከፊት ለፊት የመጠጥ ቁም ሣጥን ከነሰዓቱ አለ። ሳሎን በሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 በጨረታ ከ560 ሺህ ፓውንድ በላይ አውጥታለች። ሾፌሩስ? በረንዳው ላይ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ወንበሩ ነው። ዛሬ «ሙሉ ቆዳ ነው» ተብሎ ዋጋ ይጨመርብናል። ያኔ ቆዳ የሾፌር ነበር፤ ዝናብ ይችላል፣ በጨርቅ ወልወል አድርጎ መቀመጥ ነው። ጌቶቹ የሚቀመጡት ለስላሳ ሱፍ ላይ ነበር። በመካከላቸው መስታወት፣ በመስታወቱ ላይ ደግሞ መናገሪያ ቱቦ። ለጨዋታ አይደለም መቼም፣ «እዚህ ጋ ታጠፍ» ለማለት ነው።

በነገራችን ላይ «ሾፌር» ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ በእንፋሎት ዘመን እሳት የሚያነደው ሰው ማለት ነበር። አሞቂው ሲበርደው ኖረ።

«ለዝናብ ጊዜ የሚዘረጋ ሽፋን ነበራቸው እኮ» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ ብዙዎቹ ነበራቸው። መኪኖቹም ለአጭር የከተማ መንገድ፣ ለእራት ግብዣና ለኦፔራ ነበሩ። እሺ። ግን ሽፋን መሥራት ከተቻለ ለምን ቋሚ አልሆነም? መልሱ ያለው ኦፔራው በር ላይ ቆሞ በሚያየው ሰው ዓይን ውስጥ ይመስለኛል።

የመኪና አምራቹ ኤቶሬ ቡጋቲ ለራሱ ያስቀራት «ኩፔ ናፖሌዎን» ዛሬ ፈረንሳይ፣ ሙሉዝ ሙዚየም ውስጥ ናት። ሞተሯ 12.7 ሊትር ነው፤ ኮፈኑ ብቻ ትንሽ መኪና ያህላል። ጎብኚው ኮፈኑን ያያል፣ የኋላውን ክፍል ያያል። ከመካከል ያለችውን የሾፌር ቦታ ማን ልብ ይላታል? አጠገቧ ወፍራም የሾፌር ካፖርት ቢሰቀል ደስ ይለኝ ነበር።

ስሙ አሁንም አለ። ዋሽንግተን አካባቢ ሊሞ የነዱ ወገኖቻችን ሊንከን ታውን ካርን አሳምረው ያውቋታል። ስሟ የተወረሰው ከእነዚያ ጋቢናቸው ከተገለጠ መኪኖች ነው። የእኛዎቹ ሾፌሮች ግን ቢያንስ ማሞቂያ ነበራቸው።