የተደፈነ መስኮት ሁሉ የግብር ምልክት አይደለም

ስለ ቆዩ ከተሞች ሕንፃዎች የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ፣ ጸሐፊው ሕንፃዎቹን እንደ ታሪክ ሰነድ ማንበብ እንደሚቻል ማሳየታቸውን ከልብ አደንቃለሁ፤ ሆኖም በእንግሊዝ ከተሞች በጡብ የተደፈኑ መስኮቶችን በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 ከጸናው የመስኮት ግብር (በቤቱ መስኮቶች ብዛት ይጣል ከነበረውና አንዳንድ ባለቤቶች ክፍያውን ለመቀነስ መስኮት ይደፍኑበት ከነበረው ግብር) ጋር ማያያዛቸው መታረም ያለበት ይመስለኛል። በዚያ ዘመን የሕንፃው ፊት ግራና ቀኙ እንዲመጣጠን ሲባል ከመጀመሪያው ድፍን የሆነ የመስኮት ቅርጽ ይሠራ ስለነበር፣ ምስክርነቱ መፈለግ ያለበት ከግድግዳው ከራሱ ነው። የመድፈኛው ጡብ ከዙሪያው ግንብ ጋር እየተጠላለፈ ከቀጠለ አብሮ የተገነባ ነው፤ የጡቡ መጠንና በጡቦቹ መካከል ያለው ማያያዣ ቀለም ከተለየ ግን በኋላ መደፈኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ያም ቢሆን ምክንያቱ ግብር ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከውስጥ አዲስ ደረጃ ወይም ክፍልፍል ሲሠራ መስኮት የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማያያዣው በተለይ ትልቅ ትኩረት ይገባዋል። ፖርትላንድ ሲሚንቶ የተባለው ዛሬ የተለመደው የሲሚንቶ ዓይነት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1824 በመሆኑ፣ በእርሱ የተያያዘ ግንብ ከዚያ ዓመት ሊቀድም አይችልም። ይሁን እንጂ አሮጌ የኖራ ግንብ ሲታደስ መጋጠሚያው ከላይ ብቻ በሲሚንቶ ስለሚሞላ፣ ላዩን ብቻ አይቶ ዕድሜ መገመት ያሳስታል።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው የሕንፃዎቹን ጀርባም ቢያሳዩን እወዳለሁ፤ ባለቤቶች በየዘመኑ ፋሽን የሚያድሱት በአብዛኛው የመንገዱን ፊት በመሆኑ፣ የመጀመሪያው ጣሪያ ቁልቁለት፣ የተዘጋ በርና የተቀጠለ ክፍል ጎልተው የሚታዩት በጓሮ በኩል ነው።