ኮከብ ሳይሆን ጽሑፌን አሳዩኝ!

አሁንስ መረረኝ! ማርክዳውን (ጽሑፍን በኮከብና በመሳሰሉት ምልክቶች የምናስውብበት አጻጻፍ) እየጻፍኩ ውጤቱን ጎን ለጎን የሚያሳየኝ አንድ ደህና ኤዲተር ማግኘት ይህን ያህል ይከብዳል? አንዱ ውጤቱን ለማየት ክፈል ይላል። ሌላው እኔ ታች ስጽፍ ውጤቱ ከላይ ተገትሮ ይቀራል። ፊደላችንን ባዶ ሳጥን የሚያደርገውም አለ።

ዛሬ ደግሞ የባሰው መጣ። ቃሉ እንዲደምቅ በኮከቦች ከብቤ **«ሰላም»**ን ብዬ ጻፍኩ። አልደመቀም! ኮከቦቹ እንዳሉ ቁጭ! ለካ ኮመንማርክ የሚባለው የማርክዳውን ደንብ ከመዝጊያዎቹ ኮከቦች በፊት ትእምርተ ጥቅስ፣ ከኋላቸው ደግሞ ፊደል ካለ አይዘጋም። እኛ እኮ «ን»ንም «ም»ንም ከቃሉ ጋር አጣብቀን ነው የምንጽፈው! በመሃል ክፍት ቦታ ልተውና አማርኛዬን ላበላሽ? ማርክዳውን ከወጣበት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ እንዴት አንድ ሰው እንኳ አላሰበንም?