አደግክ ይሉኛል

አቦ ሰው ሁሉ «አደግክ!» ይለኛል። አዎ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሁለት ሆነን የጀመርነው የእንጨት ሥራ ዛሬ 23 ሠራተኛ አለው። ወሩ ሲያልቅ ግን ደመወዙ የሚዘለለው የእኔ ብቻ ነው! የልጆቹ ደመወዝ አለ፣ በላዩ 11 በመቶ የአሠሪ ጡረታ፣ ደረሰኝ ከተቆረጠ ደግሞ 15 በመቶ ቫት። ደንበኛው ሶፋውን ሳሎኑ አስገብቶ «ኢንሻአላህ ሰኞ» ይላል። የትኛው ሰኞ? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ የቀለምና የጨርቅ ዋጋ ተናግሬ ሳልጨርስ ይለወጥብኛል።

ይሄም ይሁን። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ድሬ ላይ ሰው በስሙ እንጂ በማዕረግ አይጠራም ነበር። ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን የበላ ልጅ፣ አርፍዶ ስለመጣ አንዴ ብቆጣው፣ ይኸው «አለቃ» ይለኛል። ስገባ ሳቁ ይቆማል። በዚያ የቀትር ሙቀት ጥላ ስር አብሬያቸው ልቀመጥ ብል ሁሉም ሥራ ትዝ ይለዋል! መጋዝ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ፤ የምይዘው ስልክ ብቻ። እናቴ እዚሁ ከዚራ ሰፈር ናት፣ በባጃጅ ትንሽ መንገድ፤ ካየኋት ሦስት ሳምንት።

ይኸው ስልኩ ጮኸ። የሰኞው ሰውዬ ነው። ጠረጴዛ ሊጨምር ፈልጎ። በዱቤ።