ኩበርኔቲስ ግዴታ አይደለም
ወንድሜ «የምርምር ኮዴን ዌብ ላይ ለማውጣት መጀመሪያ ኩበርኔቲስ መማር አለብኝ» ያልከው ልክ አይደለም፣ ይሄን ወሬ አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይም እየሰማሁት ነው። ኩበርኔቲስ ብዙ ሰርቨር ላይ የተበተኑ ኮንቴነሮችን (ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ነገር የታሸገባቸውን) ለማስተዳደር ነው፣ ጉግል በ2014 ይፋ ሲያደርገው አስር ሰው የሚከፍተውን ያንተን የዝናብ ዳታ ግራፍ አስቦ አይመስለኝም 😄 ለሱ አንዲት ትንሽ ሰርቨርና ዶከር (ኮንቴነር የሚሠራልህና የሚያስነሳልህ መሳሪያ) ይበቃል፣ ከፊት ካዲን (ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ ኮድህ የሚያሳልፍ ዌብ ሰርቨር) ካስቀመጥክ ዶሜይንህ ወደ ሰርቨሩ እስካመለከተ ድረስ የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ሰርተፍኬቱን ራሱ ያወጣል ራሱ ያድሳል። እኔን ቀኑን ሙሉ ያሰቃየኝ ሌላ ነው፣ ፍላስክ (የፓይተን ዌብ መሥሪያ) አድራሻ ካልነገርከው 127.0.0.1 ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ ላይ ብቻ ነው የሚያዳምጠው፣ ኮንቴነር ውስጥ ደግሞ ያ አድራሻ ማለት ኮንቴነሩ ራሱ ስለሆነ ፖርት ከፍተህም ከውጭ ምንም አይገባም፣ 0.0.0.0 (በሁሉም አድራሻ አዳምጥ) በለው ያልቃል። እና የፍላስክን የሙከራ ሰርቨር እንዳለ እንዳታወጣው፣ በጉኒኮርን (ለእውነተኛ አገልግሎት የሚሆን የፓይተን ሰርቨር) አስነሳው፣ እሱም ግን አድራሻውን ካልነገርከው ያው 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው የሚያዳምጠው።