የ500 ዓመቱን ብራና ማን ነው የሚያዜመው?

የኢተን የመዘምራን መጽሐፍ ይባላል። ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ በ1440 እ.ኤ.አ. በመሠረተው በእንግሊዙ ኢተን ኮሌጅ የሚገኝ ትልቅ ብራና ነው። የተጻፈው በ1500 አካባቢ ነው። መጀመሪያ 93 ድርሰቶች ነበሩበት፤ ዛሬ ሙሉም ይሁን ጎዶሎ 64 ቀርተዋል። አብዛኞቹ በላቲን ለእመቤታችን ለማርያም የቀረቡ ምስጋናዎች ናቸው።

ከዚህ መጽሐፍ የተቀዱት አልበሞች ሲወሩ የ500 ዓመት ድምፅ ተመልሶ እንደመጣ ነው የሚነገረው። እኔ አልስማማም። የምንሰማው የዛሬ ዘማሪዎች የወሰኑትን ነው።

ብራናው ራሱ ይህን ያሳያል። የገጹ ቁመት ወደ 60 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ዘማሪዎቹ በሙሉ አንዱን መጽሐፍ ከበው ያነቡ ነበር። እኛ ጋ ሊቃውንቱ ማኅሌት ቆመው አንድ ዜማ ያወጣሉ። እዚያ ግን አምስትና ስድስት ዜማ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። የእያንዳንዱ ድምፅ ድርሻ ለብቻው፣ በገጹ የተለያየ ቦታ ነው የተጻፈው። ስለዚህ አንዱ ዘማሪ ሌላውን የሚከተለው በጆሮው ነው። ጥቂት ድምፆች ብቻ የሚያዜሙበት ክፍል ቃሉ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ፍጥነቱስ? አልተጻፈም። ድምፁ ከየት ከፍታ ይነሣ? እሱም የለም። መዘምራኑ ይህን ከመምህራቸው ተምረውት ነበርና መጻፍ አላስፈለገም። ድጓ ያለ መሪጌታ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከዚያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ከካቶሊክ ወደ ፕሮቴስታንት የዞረችበት የሃይማኖት ለውጥ መጣ። የላቲኑ አገልግሎት ቀረ፣ ብዙ መጻሕፍትም ጠፉ። ይሄኛው ተረፈ፤ የሚያዜሙት ሰዎች ቅብብሎሽ ግን ተቋረጠ።

በመጽሐፉ ድርሰታቸው ካለ ደራሲዎች አንዱ የሆነውን የጆን ብራውንን ስታባት ማተር እንውሰድ። ማርያም ከመስቀሉ ሥር ቆማ ስታለቅስ የሚተርክ፣ ለስድስት ድምፅ የተደረሰ ነው። ሕዝቡ “ስቀለው” ብሎ የሚጮህበት ቦታ ሲደርስ ሙዚቃው ይቆጣል። ታሊስ ስኮላርስ የተባሉት የእንግሊዝ ዘማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት አልበም የላይኛውን ድምፅ ሴቶች ይዘውታል። ንጹሕ ነው፣ ያስደንቃል። ግን ለእኔ ጩኸቱ እንኳ ከልክ በላይ ያምራል። በኢተን ይህን ድርሻ የሚያዜሙት ወንዶች ልጆች ነበሩ። የኦክስፎርዱ የክራይስት ቸርች መዘምራን ከዚሁ መጽሐፍ ሌሎች ድርሰቶችን በልጆች ድምፅ ቀድተዋል። እዚያ ላይ የልጅ ጉሮሮ ከፍ ወዳለው ቦታ ሲወጣ ሲታገል ይሰማል። እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ የጸሎት ልፋት አለበትና። ሌላው ሰው ሴቶቹን ቢመርጥ አልከራከረውም።

የምከራከረው ምርጫው ስለሚደበቅ ነው። ሲዲ ስንገዛ አብሮ የሚመጣው ትንሽ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ይህን ያስረዳል። በስልክ ስንሰማ ግን ብዙ ጊዜ ርዕስ፣ የደራሲና የዘማሪዎቹ ስም ብቻ ነው የሚታየን። አሳታሚዎቹ ሦስት መስመር ቢጨምሩ ምን ይጎዳቸዋል? የላይኛውን ድምፅ ማን እንደያዘ፣ ከፍታውን ማን እንደመረጠ፣ ከብራናው የጎደለውን ገጽ ደግሞ የትኛው የዘመናችን ሰው እንደሞላው ይጻፉልን።