ቀዝቃዛው ያልቀዘቀዘበት ሀገር

ቶኪዮ በመጣሁ ሰሞን አንድ ኢዛካያ ገባሁ፣ ኢዛካያ ያው መጠጥ ቤት ነው ግን ከብርጭቆው ይልቅ ትናንሽ ሳህን የሚበዛበት። ነሐሴ ነው፣ የቶኪዮ ነሐሴ ደግሞ ሙቅ ሻወር ተከፍቶ ልብስህን እንደለበስክ ሥሩ እንደመቆም ነው፣ እና እንደ አዋቂ ኮራ ብዬ "ሳኬ፣ ሂያ" አልኩ። ሳኬ የሩዝ መጠጣቸው ነው። ሂያ ማለት ቀዝቃዛ ማለት ነው ብሎ ያስተማረኝ ሰው አለ፣ ስሙ ይቅርና ሊቁ እንበለው። መጣልኝ፣ ስነካው እንደኔው ለብ ብሏል። አሳላፊውን ጠርቼ "ቀዝቃዛ እኮ ነው ያልኩት" ስለው "አዎ፣ ቀዝቃዛ ነው" ብሎ ጎንበስ ብሎልኝ ሄደ።

በኋላ ነው የገባኝ። ፍሪጅ የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት ሳኬ ወይ ሞቆ ይቀርባል ወይ ሳይሞቅ፣ ያልሞቀው "ቀዝቃዛ" ተባለ፣ በቃ። ፍሪጅ ሲመጣ ለቀዘቀዘው ሬይሹ የሚል ሌላ ስም ወጣለት እንጂ የድሮው ስሙን አለቀቀም። ሰዎቹ ስም በማውጣት አይታሙም፣ ከሞላ ጎደል በየአምስት ዲግሪው ስም አላቸው፣ 5 ዲግሪ የበረዶ፣ 10 የአበባ፣ 30 የፀሐይ፣ 35 የሰው ገላ፣ 40 ኑሩካን (ለብ ያለ)፣ 50 አጹካን (ትኩስ) እያለ እስከ 55 ይሄዳል። እኛ ጋ ውሃ ወይ ለብ አለ ወይ ሞቀ ወይ ፈላ ነው፣ ከዛ በላይ የሚጠይቅ ሰው ነገረኛ ነው።

ሊቁ ግን ሂያውን አሳስቶኝም አላፈረም። ጃፓን 11 ዓመት ቆይቷል፣ ሀበሻ ክርክር ላይ ደግሞ የቆየበት ዓመት እንደ ዲግሪ ነው የሚቆጠረው። "ጥሩ ሳኬ አይሞቅም" ይላል አፉን ሞልቶ፣ "የሚሞቀው ጉዱ እንዳይታወቅ ነው፣ የሰነበተ ሥጋ ላይ በርበሬ እንደማብዛት በለው።" እኔ ደግሞ በጥር ብርድ የሞቀ ቀምሼ ነፍሴ መለስ ያለችበት ቀን ስላለ አልዋጥልህ አለኝ፣ ስለዚ አንድ ቅዳሜ ካትሱሺካ ጋሼ ቤት ተቀጣጠርን። ካትሱሺካ ሀበሻ የሚበዛበት የቶኪዮ ሰፈር ነው፣ ጋሼ ደግሞ ሁለታችንንም አንድ ላይ ሊያሳፍሩ የሚችሉ ብቸኛ ሰው ናቸው።

የገዛነው ሁሉ ተራ ሳኬ ነው፣ እነሱ ፉጹሹ የሚሉት፣ ሱፐርማርኬት ታችኛው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው። ሩዝ፣ ውሃ፣ ኮጂና እርሾ፣ ከላዩ ደግሞ የተጣራ አልኮል ይጨመርበታል፣ ጥንካሬው 15 በመቶ አካባቢ። እናቱ ጠላ ስትጠምቅ ያየ ሰው ኮጂ ቶሎ ይገባዋል፣ እኛ ጋ ብቅል የሚሠራውን ሥራ እነሱ ጋ ሩዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ይሠራዋል። አንዱ በካርቶን ነው፣ አንዱ ኦኒኮሮሺ ይባላል፣ ጭራቅ ገዳይ ማለት ነው፣ ጭራቅ ገዳዩ ታዲያ እንደ ልጅ ጁስ ትንሽ ካርቶን ውስጥ ሆኖ ጎኑ ላይ ስትሮ ተለጥፎበታል። ሦስተኛው ዋን ካፕ ኦዜኪ ነው፣ 180 ሚሊ ሊትር በራሱ ብርጭቆ፣ የወጣው እ.ኤ.አ ጥቅምት 10 ቀን 1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ የተከፈተ ቀን ነው። ይሄን ስናገር ጋሼ ብርጭቆውን ተቀብለውኝ አገላብጠው አዩትና "አበበ ቢቂላ ማራቶኑን እዚሁ ሲያሸንፍ ይሄ ሱቅ ላይ ነበር ማለት ነው?" አሉ። 11 ቀን ሆኖት ነበር አልኳቸው። "እንግዲያማ ዘመድ ነው፣ ቅዳ።"

ሳኬ የሚሞቅበት ማሰሮ፣ ቶኩሪ የሚሉት፣ የለንም። ሊቁ ጀበናዋን ሲያያት ጋሼ "እሷን ንካና ውጣ" አሉት፣ ሲኒ ግን ፈቀዱ። ሲኒ እኮ ከነሱ መቅመሻ ብዙም አይርቅም፣ ደህና ቀማሾች የሚይዙት ነጭ ኩባያ ታቹ ላይ ሰማያዊ ክብ ክብ አለው፣ የመጠጡን ጥራት በሱ ነው የሚያዩት፣ የኛው አበባው በውጭ ስለሆነ እኛ የምናየው የራሳችንን ጥራት ነው። ውሃ አፍልተን ከእሳት አወረድንና ብርጭቆውን ውስጡ አስቀመጥን፣ የሊቁ ሚስት የሕፃኑን ወተት የምትለካበትን ቴርሞሜትር ሳታውቅ አውሳናለች።

መጀመሪያ ያልሞቀውን። "ያልሞቀ" ያልኩት ለወጉ ነው፣ የጃፓን አፓርታማ ጥር ላይ ራሱ ፍሪጅ ነው፣ ጋሼ ጃኬታቸውን አላወለቁም። ዋን ካፑ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫህን ይልሃል፣ ከዛ ትንሽ ጣፈጥ ይልና ሳይሰናበትህ ይሄዳል። የካርቶኑ ውሃ ውሃ አለን። ጭራቅ ገዳዩ ምላሴን እንጂ ጭራቅ ሲገድል አላየሁም። ሊቁ ግን ዓይኑን ጨፍኖ "ንጹህ" አለ፣ አይ ሰው።

40 ላይ ነገሩ ተለወጠ። የሩዝ ድስት ክዳኑ ሲነሳ ያለው ሽታ ብቅ አለ፣ ያው ውሃ ውሃ ያለን የካርቶኑ ሳኬ ሰውነት አወጣ፣ ጣፋጩ ምላስ ላይ ተዘረጋ። ጋሼ ዝም ብለው ሲኒያቸውን ገፋ አደረጉልኝ፣ እዚህ ሀገር ለራስህ አትቀዳም፣ ጎረቤትህ ነው የሚቀዳልህ፣ ለኛ አዲስ አይደለም። 50 ላይ ጣፋጩ ጠፋ፣ ደረቅ ብሎ ጉሮሮ ጠርጎ ወረደ፣ ለጉንፋን ይሆናል። ከዛ ሊቁ ማይክሮዌቭ ይፈጥናል ብሎ አንዱን ከተተና 70 ምናምን አድርጎት አወጣው፣ ቤቱ መርፌ ከመወጋትህ በፊት የሚታሸውን ጥጥ ሸተተ፣ "አየህ? ሲሞቅ ጉዱ ይወጣል!" አለኝ እራሱ አቃጥሎት። ጉዱን ይደብቃል ሲል አልነበር እንዴ?

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሳው፣ መጀመሪያ ስለ ሳኬ ነበር፣ ከዛ ማን ጃፓንኛ እንደሚችል፣ ከዛ ባለፈው ፋሲካ ዶሮውን ማን እንዳሳረረው ሆነ። አንድ ሰዓት ሙሉ የሄድን ይመስለኛል። ጋሼ መሀል ላይ ተነስተው ጓዳ ገቡና ሦስት ሲኒ ይዘው መጡ፣ "ሳታዩ ቅመሱ" አሉን።

ሊቁ ሁለቱን በአፍንጫው ገፋቸው። ሦስተኛውን ቀመሰ፣ ደገመ፣ አልኮሉ አይወጋም፣ ለስለስ ብሎ ይገባል። "ይሄ!" አለ፣ "እሳት ያልነካው፣ ይሄ ነው ሳኬ ማለት!"

ጋሼ ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እኛ ስንጨቃጨቅ ረስተነው የቀዘቀዘው የ50 ዲግሪው ዋን ካፕ ነበር። ለሱም ስም አላቸው እኮ፣ ካንዛማሺ ይሉታል፣ ሞቆ የበረደ።

ሊቁ እንደሚያፍር ጠብቄ ነበር። "ሞቆ ከቀዘቀዘማ ቀዝቃዛ ነው፣ እኔ ምን አልኩ?" ብሎ እጁን ዘረጋ።

ጋሼ ውሃውን መልሰው እየጣዱ "እናንተ ቀጥሉ" አሉን፣ "ሌላ አንድ ላሙቅ፣ እስክትጨርሱ ይበርዳል።"